«ሠራተኛ ጠፋ» እና «ሥራ ጠፋ»፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለቱም እንዴት እውነት ሆኑ?

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መንገድ ዳር፣ የፋብሪካ በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሥራ መደብ፦ ኦፕሬተር። ጾታ፦ ሴት። የሥራ ልምድ፦ አያስፈልግም። ደመወዝ፦ በስምምነት። ወረቀቱ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ቀለሙ ይለቃል፤ ግን አይነሳም። ቦታው ሞልቶ አያውቅማ። እዚያው ሰፈር፣ አደባባዩ ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ አካፋ ተደግፈው የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ። አራት ሰዓት ላይ ያልተጠራው ቀኑ እንዳለፈበት ቆጥሮ ይመለሳል።

«ሰው ሥራ ንቋል» ይላል አሠሪው። «ሥራው የታለ?» ይላል ወጣቱ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ጭቅጭቁ ሌላ መልክ ያዘ። የግሉ ሠራተኛስ? የፋብሪካዋ ልጅስ? የቤት ሠራተኛዋስ?

ሁለቱም ወገኖች አልዋሹም። የሥራ ገበያ ሲባል አንድ ትልቅ ገበያ ያለ ይመስላል። በተግባር ግን እንደ መርካቶ ነው፤ ምን አለሽ ተራ የቆመ ሰው ሸማ ተራ ውስጥ ያለውን አያይም። እያንዳንዱ ተራ የራሱ በር አለው፤ በሩም በችሎታ ብቻ አይከፈትም። ማን ያስገባሃል? የት ታድራለህ? በስንት ሰዓት ወጥተህ በስንት ሰዓት ቤትህ መግባት ትችላለህ? በከተማው ዳር ማን ምን እንደሚሠራ በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። «የነእገሌ ባህል ነው» የሚለው ማብራሪያ ለጨዋታ ይመቻል እንጂ ብዙ አያስኬድም።

ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው?

በ2010 ዓ.ም. የተካሄደው የከተሞች የሥራና የሥራ አጥነት ጥናት፣ በከተማ ከሚገኘው የሥራ ኃይል ከመቶ 19 ገደማው ሥራ አጥ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በወንዶች 12 ገደማ፣ በሴቶች 26 ገደማ ነው። የሴቶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቁጥሩን ከመጠቀም በፊት ግን ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ይበጃል። በተለመደው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጀበናዋን ዘርግታ ሦስት ቀን ቡና የሸጠች ሴት ሥራ አላት። ማክሰኞ ዕለት አሸዋ ጭኖ ከዚያ ወዲያ ቁጭ ያለ ልጅም ሥራ አለው። በሌላ በኩል የሀገራችን ጥናቶች «ላላ ያለ» የሚባለውን ትርጉም ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ሥራ እየዞረ ባይፈልግም፣ ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነን ሰው ሥራ አጥ ይሉታል። ይሄ አግባብ ነው። ሥራ እንደሌለ ያወቀ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማየት የታክሲ ለምን ያወጣል?

ቁጥሩ ሥራ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን አይነግረንም። የጽሑፍ ውል ያለው፣ ከደመወዙ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ የሚጨምርለት የጡረታ ባለመብት አለ። የዕለት ገንዘቡን ማታ ተቀብሎ «ነገ ና» ወይም «ነገ እንዳትመጣ» የሚባልም አለ። የኋለኛው ኢ-መደበኛ ይባላል፤ ውል፣ ጡረታና ምዝገባ የሌለው ሥራ ማለት ነው። በከተማው ዳር አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህንኛውን ነው።

ጉልበት ዋስ አይጠይቅም

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያሉ የተነሱት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሀዲያ፣ ከጎጃምና ከወሎ ብዙ ወጣት ስበዋል። አመጣጡ ግን በዘፈቀደ አይደለም። አንዱ ቀድሞ ይመጣል፤ ክፍል ይከራያል፤ ካቦውን ይተዋወቃል። ካቦ የቀን ሠራተኛውን የሚያሰልፍና የሚቆጣጠር ነው። ከዚያ ወንድሙን ይጠራል፤ ወንድሙ የአክስቱን ልጅ። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው ያድራሉ። ዕቁቡም እዚያው ነው። አንድ ሳይት ላይ የፌራዮዎቹ ቡድን በሙሉ ከአንድ ወረዳ የመጣ ቢሆን የሚገርም አይደለም። ብረት የማሰር ተሰጥኦ ከዚያ ወረዳ ስለሚበቅል አይደለም፤ ወሬው፣ መኝታውና ካቦው በአንድ እጅ ስላሉ ነው።

ነገሩ ባህል ብቻ ቢሆን ኖሮ አይለወጥም ነበር። አንድ ሰሞን ሊስትሮ ሲባል የጉራጌ ልጅ ትዝ ይል ነበር። ዛሬ ሳጥኑን የያዙት በአብዛኛው ከሌላ አካባቢ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ወይም ልጆቻቸው ሱቅ ገብተዋል። በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔዎች ሙያውን ይዘው የዘለቁት ደግሞ መሸመኛውም፣ ደንበኛውም፣ አስተማሪው አጎትም እዚያው ስላለ ነው።

ለምን ሌላ ሥራ አይሞክሩም? እዚህ ላይ ዋስ ይመጣል። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ፣ ካሸር፣ ስቶር ኪፐር፣ ሾፌር፣ ብዙ ጊዜ ጥበቃም፣ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው መሆን አለበት። ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያውቃል? አሥረኛ ክፍል ጨርሶም ቢሆን የሚቀረው አካፋው ነው። ጉልበት ዋስ አይጠይቅም። አሠሪው ለስርቆት ፍርሃቱ ያበጀው መከላከያ፣ ሳያስበው የሀገር ውስጥ ፍልሰተኛውን ከሙያ መሰላል የሚያግድ እንቅፋት ሆኗል። (ፍልሰተኛ የምንለው ቀዬውን ለቆ ሌላ ቦታ የሚኖረውን ሁሉ ነው። ስደተኛ ድንበር ተሻግሮ ከለላ የጠየቀው ነው። በወሬያችን ሁለቱ ይምታታሉ።)

ሁለተኛው እንቅፋት ወረቀት ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከመጡበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። መታወቂያ ከሌለ ወረዳው በማኅበር አያደራጅም፣ የመሥሪያ ቦታም አይሰጥም። ብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ ማንነትን ከአድራሻ ስለሚለይ ችግሩን በከፊል ያቃልል ይሆናል። የወረዳው ዕድል ግን ዛሬም የነዋሪ ነው። በዳርቻው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መንገድ ተሻግሮ አስተዳደሩ ይለወጣል፤ በወዲህ አዲስ አበባ፣ በወዲያ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ። የወዲህኛው የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የወዲያኛው አፋን ኦሮሞ ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ሁለት በር አለው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ደጁ ላይ ካለው ቢሮ ይልቅ ፒያሳ ሊቀርበው ይችላል።

ባሬላ የምትይዘው ለምን ግንበኛ አትሆንም?

ማንኛውም የግንባታ ሳይት ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል። ሴቶቹ ባሬላ ይይዛሉ፤ ብሎኬት ያቀብላሉ፤ ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ ውኃ ያጠጣሉ። ወንዶቹም ይሸከማሉ፤ ግን ከሸካሚዎቹ መካከል አንዱ ከዓመት በኋላ ለሳኝ ይሆናል፤ ሌላው ግንበኛ። ሴቷ ከዓመት በኋላም ባሬላው ላይ ናት። ሙያው የሚለመደው በረዳትነት ነው። ግንበኛው ረዳቱን ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የሀገሩን ልጅ፣ አብሮት የሚያድረውን ነው። ሴት ልጅ አብራው አታድርም፤ ስለዚህ ረዳት አትሆንም፤ ስለዚህ ሙያውን አትለምድም። ማንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው የክፍያ ልዩነቱ ራሱን በራሱ ይተካል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። «ጾታ፦ ሴት» የሚለው ማስታወቂያ ግን በየፋብሪካው በር ተለጥፎ ይታያል። ማንም ቅር ያለው አይመስልም። ሴት የሚፈለገው ስፌቱ ለእጇ ስለሚቀል ነው ይባላል። አዎ፣ ትዕግሥቷም ይነሳል። ሌላው የማይነገረው ምክንያት አማራጯ ጠባብ መሆኑ ነው፤ አማራጩ የጠበበ ሰው በዝቅተኛ ደመወዝ ይጀምራል።

ፋብሪካ፣ ቤት ወይስ ጀበና?

ለአንዲት የ19 ዓመት ልጅ በዳርቻው ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። ፋብሪካ ትገባለች፤ ሰው ቤት ትገባለች፤ ወይም የራሷን ትንሽ ነገር ትጀምራለች። አራተኛው ዓረብ ሀገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከተመለሱ በኋላም፣ ለዓመታት የቆየው የጉዞ እገዳ ሲጸናም ሆነ በ2010 ሲነሳ፣ ከልጆቹ ሒሳብ አልወጣም።

ፋብሪካውን እንይ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው ተከታትለዋል። አመልካቾቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከፊሉ ሥራውን አገኘ፤ ከፊሉ 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና፤ የተቀረው ምንም አላገኘም። ፋብሪካ ከገቡት ከሦስቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ወጥተዋል። የፋብሪካው ሥራ ገቢያቸውን ምንም ካላገኙት በላይ አላደረገውም፤ የጤና ችግራቸውን ግን ጨምሮታል። ገንዘቡን ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሦስተኛ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሦስቱም ወገን ልዩነት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ግኝት ብዙ ጊዜ አይነሳም። «ብር ስጧቸው፤ ያልፍላቸዋል» የሚለውንም፣ «ፋብሪካ አስገቧቸው፤ ያልፍላቸዋል» የሚለውንም እኩል ያሳፍራል።

ስለዚህ የሚለቁት ሥራ ንቀው አይደለም፤ አስልተው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ኮዬ ፈጬ የምትኖር ልጅ ፋብሪካ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም እንዲሁ ይፈጅባታል እንበል። በስድስት ቀን 18 ሰዓት ይሆናል። 48ቱ 66 ሆነ ማለት ነው፤ ለ18ቱ የሚከፍላት የለም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በጨለማ ወደ ሰርቪስ መሄድ ደግሞ በሰዓት አይለካም። ልጅ ካላትስ? በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የግል ፋብሪካ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ያገኘች እናት በ91ኛው ቀን ሕፃኑን ማን ይይዝላታል? ከገጠር የመጣች ከሆነች እናቷ አጠገቧ የለችም።

የቤት ሠራተኛነቱ ደግሞ በራሱ ዓለም ነው። አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ ከዚያ ውጭ የሥራ ሰዓቱንም ዕረፍቱንም የምትወስነው የቤቱ እመቤት ናት። ዋስ ሆኖ የሚያስገባው ደላላ ነው። ደላላው የሚከፈለው ሠራተኛዋ ቤት በገባች ቁጥር ስለሆነ፣ አንድ ቤት ረግታ መቀመጧ አይጠቅመውም። «ሠራተኛ አልበረክት አለችኝ» የሚሉ እመቤቶች ይህንን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ግን ይህን ሥራ ሳይታሰብ ለውጦታል። የድሮው ግቢ ጓሮው የሠራተኛ ክፍል ነበረው። ስቱዲዮውና ባለ አንድ መኝታው የለውም። ሠራተኛዋ ሳሎን ወይም ኩሽና ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች፤ ያም ለሁለቱም አይመችም። ስለዚህ ተመላላሽ መጣች። ሰኞ አንዱ ቤት ልብስ ታጥባለች፤ ረቡዕ ሌላው ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ ማታ ወደ ራሷ ክፍል ትገባለች። ጡረታና ውል የላትም። ሰዓቷ ግን በእጇ ነው፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ማምጣት ትችላለች። ፋብሪካው የሚሸነፈው በዚህች ሴት ነው። ከእሷ ጋር በደመወዝ ብቻ ተወዳድሮ አያሸንፍም።

ከድንበር ማዶ የመጡት

ዱከም ካለው ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ጀምሮ ቻይናውያን አሠሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም። የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ሐሳቡ ኢትዮጵያዊ ሠልጥኖ እንዲተካቸው ነው። የመስመር ኃላፊነቱ ላይ መተካቱ አዝጋሚ የሆነው በቋንቋ ጭምር ነው፤ ትእዛዙ የሚወርደው በማንዳሪን ከሆነ ችሎታ ብቻ አያሳድግም። አስተርጓሚነት ደህና ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው።

ስደተኞቹ ሌላ ናቸው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ራሳቸውን መደገፍ የሚችሉ ኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቅዷል። በጎፋ መብራት ኃይልና በጀሞ ብዙዎቹ ይኖራሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል፤ በ2016 ደግሞ የአፈጻጸም መመሪያ ወጣ። መብቱ ግን ከኢትዮጵያዊ እኩል አይደለም፤ የተሻለ መስተንግዶ ከሚደረግለት የውጭ ዜጋ እኩል ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ የካፌ ባለቤት ያንን ወረቀት የት እንደሚያስጨርስ አያውቅም፤ ስለዚህ ወይ አይቀጥርም፣ ወይ በእጅ እየከፈለ ያሠራል።

«ሥራችንን ወሰዱብን» የሚለው ቅሬታ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ ነው፤ እሱም እዚያው ሰፈር ሱቅና ካፌ ውስጥ ያልቃል። የቤት ኪራይ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ይጠነክራል። በዶላር የሚደጎም ተከራይ ባለበት ሰፈር የፋብሪካ ደመወዝ ያላት ልጅ ክፍል አታገኝም፤ ትርቃለች፤ መንገዱም ይረዝምባታል።

መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጆች

ስለመጡት ብዙ ይወራል፤ ለኮንዶሚኒየሙና ለፋብሪካው መሬታቸውን የለቀቁት ነባር ገበሬዎች ይረሳሉ። የመሬት ካሳው ስሌት በቀድሞው ሕግ የአሥር ዓመት ገቢ ነበር፤ በአዋጅ 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት አድጓል። ግን ካሳ ገንዘብ ነው፤ ሥራ አይደለም። ጤፍ የሚያውቅ አባት ዕድሜው ከገፋ የሚቀረው ጥበቃ ነው፤ አንዳንዱ የቀድሞ ማሳው ላይ የቆመ ሕንፃ ይጠብቃል። ላሟ ስትሸጥ ደግሞ የሚስትየው የወተት ገቢ አብሮ ሄደ፤ ያ ገንዘብ በእሷ እጅ የነበረ ነው።

ልጆቹ በጫኝና አውራጅ ማኅበር ተደራጁ። አዲስ ነዋሪ ፍሪጁን ይዞ ሲመጣ የሚገጥመው ንትርክ የታወቀ ነው። ነዋሪው በራሱ ዕቃ ለምን እንደሚገደድ ይጠይቃል፤ ትክክል ነው። ወጣቶቹ ከመሬታቸው ላይ የቀረላቸው ሥራ ይህ ብቻ እንደሆነ ይናገራሉ፤ እሱም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሰፈሩ ሞልቶ ሰው ገብቶ ሲያልቅ የሚወርድ ፍሪጅ ስለማይኖር፣ የሥራው ዕድሜ ከጅምሩ አጭር ነው።

የደመወዝ ወለል ቢቀመጥስ?

ለግሉ ዘርፍ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይላል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ይህ እንዲፈጸም በየዓመቱ ይወተውታል። ባለሀብቶች በበኩላቸው ወለል ከተቀመጠ የውጭ ድርጅቶች ወደ ሌላ ሀገር ይሄዳሉ ይላሉ። ከጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ መታገዷ ሥጋታቸውን አጠናክሮታል።

ሥጋቱ መሠረት አለው። ግን አንድ ስሌት መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 3,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ አሠሪዋን 52 ዶላር ያህል ታስወጣው ነበር። ዶላሩ 120 ሲገባ 25 ሆነች። ግብዓቱን በዶላር የሚያስገባው ፋብሪካ ሌላ ወጪ ጨምሮበታል፤ እውነት ነው። ላኪ ለሆነው ግን የጉልበቱ ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ ግን ለእሷ አልወረደላትም። ከዚህ ላይ በየወሩ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን የሚያስወጣው ሲደመር፣ «አንችልም» የሚለው ክርክር በላኪዎቹ በኩል ሲሰማ ብዙም አያሳምንም።

የወለሉ ደካማ ጎን ሌላ ቦታ ነው። የሚነካው ውል ያላቸውን ነው። ተመላላሿ፣ ባሬላ ያዥዋ፣ ጀበና ያላት ከአዋጁ ወይም ከቁጥጥሩ ውጭ ናቸው። የፋብሪካው ደመወዝ ከፍ ቢል ከእነሱ የተወሰኑት ወደዚያ ይሄዱ ይሆናል፤ ያኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የልብስ አጣቢ ዋጋ ይጨምራል፤ ያንን የምትከፍለው ደግሞ ራሷ ተቀጣሪ የሆነች ባለትዳር ናት። የመካከለኛ ገቢ ሴቶች ሥራ የሚገቡት በእነዚህ ሴቶች ርካሽ ጉልበት ተደግፈው ነው። በክርክሩ ውስጥ ይህ ሰንሰለት ሲነሳ አይሰማም፤ ምናልባት ሁላችንንም ቤታችን ድረስ ስለሚመጣ ይሆናል።

ለውጡ መጀመሩን ማየት የሚፈልግ ሰው አዋጁን ከመጠበቅ ይልቅ የፋብሪካውን በር ቢያይ ይሻላል። ሠራተኛ የቸገረው ድርጅት መጀመሪያ የሚቀይረው ደመወዙን አይደለም። «ሰርቪስ አለ» የሚል መስመር ይጨምራል። ቀጥሎ «ምሳ እንችላለን»። አንዳንዱ «ማደሪያ» ይላል። «ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትለዋ ግን እንዳለች ናት።